ሌሊቱን ሙሉ የበራችው አረንጓዴ መብራት

የአክስቴ መድኃኒት ቤት ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ያስኬዳል። መኖሪያዋም እዚያው ግቢ፣ ከሱቁ ጀርባ ነው። ሱቁ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ አብዝታ የምትሳሳላት አንዲት ነጭ ፍሪጅ ናት፤ ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ሲሞቅ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ በረዶ ከሠራ ደግሞ ቀልጦ ደህና ቢመስልም ይጣላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ የድሬዳዋ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ሲተፋ በሚያድርበት ወቅት፣ መብራት ለጥቂት ሰዓታት ቢጠፋ ፍሪጇ ውስጥ ምን እንደሚሆን እያሰበች ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች አውቃለሁ።

እኔ የምተዳደረው በኮምፒውተር ጥገና ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ እራት ላይ «ፍሪጇን የሚጠብቅልሽ ነገር ልሥራልሽ» አልኳት። «ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። «በረንዳሽ ላይ መብራት ይኖርሻል። አረንጓዴ ካየሽ ተኝተሽ ታድሪያለሽ፤ ቀይ ካየሽ ትነሺያለሽ» ብዬ መለስሁላት። ይህ አባባል ምን ያህል ከባድ ቃል ኪዳን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ለሥራው የወሰድሁት ራስፕበሪ ፓይ 3 የተባለውን፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ነው። በአንድ ጎኑ በሁለት ረድፍ የቆሙ 40 ፒኖች አሉት። ጥቂቶቹ ቋሚ የኃይልና የግራውንድ ፒኖች ሲሆኑ የቀሩት ጂፒአይኦ ይባላሉ፤ ፕሮግራሙ ሲያዝ 3.3 ቮልት ያወጣሉ፣ ሲያዝ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ከአንዱ ፒን ከ16 ሚሊአምፔር በላይ መሳብ ስለማይመከር ከመብራቷ ጋር ፍሰቱን የሚገታ ሬዚስተር መሰለፍ አለበት። ኤልኢዲ ከሚባሉት ትናንሽ መብራቶች ቀይዋ 2 ቮልት ገደማ ለራሷ ትወስዳለች፤ የሚተርፈው 1.3 ቮልት በ330 ኦም ሬዚስተር ሲካፈል በመስመሩ የሚያልፈው 4 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ለማታ ዓይን ይህ ይበቃል። መጀመሪያ ታይዋን ገበያ ሄጄ፣ ውበቷ ማርኮኝ፣ ሰማያዊ ገዝቼ ነበር። ሰማያዊ ግን ብቻዋን 3 ቮልት ያህል ትፈልጋለች፤ ከ3.3 ላይ ለሬዚስተሩ የሚቀረው ሽርፍራፊ ስለሆነ ብርሃኗ ደብዝዞ ቀረ። በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሠራ፣ ደማቋን ሰማያዊ ለማግኘት ዓለም ሠላሳ ዓመት ያህል ጠብቋል፤ ጃፓን የተወለዱ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሸለሙት በእርሷ ነው። ለእኔ ሥራ ግን አልሆነችም። ወደ ቀይና አረንጓዴ ተመለስሁ።

ፒኖቹ ሁለት ዓይነት ቁጥር አላቸው። አንዱ ከዳር ጀምሮ የሚቆጠር የቦታ ቁጥር ነው፤ ሌላው ቺፑ ራሱ የሚጠራቸው ቁጥር ነው። ፕሮግራሜ ውስጥ የጻፍሁት ጂፒአይኦ 17 በቦታ ቆጠራ 11ኛው ፒን ላይ ይገኛል። እኔ ግን በችኮላ 17ኛው ላይ ሰካሁ። መብራቷ ቦግ ስትል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጥቂት ቆይቶ ግን ፕሮግራሙን ገና እንዳላስነሣሁት ትዝ አለኝ። 17ኛው ፒን ማንም ሳያዘው ሁልጊዜ 3.3 ቮልት የሚሰጥ የኃይል ፒን ነው።

በአማርኛ ኤሌክትሪክ ሲመጣ «መብራት መጣ»፣ ሲቋረጥ «መብራት ሄደ» እንላለን። ወፍጮውንም፣ ፍሪጁንም፣ የውኃ መሳቢያውንም የሚያንቀሳቅሰውን ኃይል ሁሉ በአምፖሉ ስም ጠርተነዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኃይሉ አይታይም፣ አምፖሉ ይታያል። ያቺ ያለ ቦታዋ የተሰካች መብራትም የነገረችኝ ይህንኑ ብቻ ነበር፤ መብራት አለ። ስለ ፕሮግራሙም ሆነ ስለ ፍሪጇ የምታውቀው አንዳች ነገር አልነበራትም። ሽቦውን ወደ 11ኛው አዛወርሁና ጉዳዩን ረሳሁት። መርሳት አልነበረብኝም።

ሥራው አለቀ። የሙቀት መለኪያው ፍሪጇ ውስጥ ገባ፤ ፕሮግራሙ በየ10 ሰከንዱ ያነባል፣ ንባቡን ሜሞሪ ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ ከ2 እስከ 8 ከሆነ አረንጓዴዋን፣ ከዚያ ከወጣ ቀይዋን ያበራል። መብራት ቢሄድ ኮምፒውተሩ አብሮ እንዳይጠፋ በፓወር ባንክ አስደገፍሁት። ለሦስት ወር ያህል አክስቴ በረንዳዋ ላይ አረንጓዴዋን እያየች ተኛች።

በሰኔ አንድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «መብራቷ አረንጓዴ ናት፤ ቴርሞሜትሩ ግን 14 ይላል። የቱን ልመን?» አለችኝ።

የምትለው ቴርሞሜትር እኔ ያስገባሁት አልነበረም፤ ለዓመታት ፍሪጇ ውስጥ የኖረ የመስታወት ቴርሞሜትር ነው። የእኔ መብራት ከመጣ በኋላም ጠዋት ጠዋት እሱን ማየት አላቋረጠችም። ስደርስ የኢንሱሊኑን ብልቃጦች ካርቶን ውስጥ ለይታ በቀይ እስክሪብቶ «አይሸጥ» ብላ ጽፋበታለች። ሌሊት መብራት ሄዶ ተመልሷል፤ ሲመለስ የፍሪጇ ስታቢላይዘር ቆርጦ ቀርቷል። በረንዳው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት አሁንም ደምቃ፣ ጸንታ በርታለች። ዘወትር ቅዳሜ የሚመጡ አንድ አዛውንት በዚያ ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ፍለጋ በፀሐይ እስከ ሳቢያን ሰፈር ሄዱ። የሄዱት በእኔ መብራት ምክንያት ነው።

የሆነው ይህ ነው። ፕሮግራሙ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ንባቡን ካርዱ ላይ ሊጽፍ ሲል ካርዱ መልስ ነሣው። ፕሮግራሙ አልሞተም፤ መልሱን እየጠበቀ እዚያው ቆመ። ጂፒአይኦ ፒን ደግሞ እንደ በር ነው፤ የከፈተው ሰው ደጃፉ ላይ ቢወድቅም በሩ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ፕሮግራሙ ከመቆሙ በፊት የተናገረው የመጨረሻ ቃል «ደህና ነው» የሚል ነበር፤ በዚያች ደቂቃ እውነት ነበር፤ ፍሪጇ 5 ዲግሪ ላይ ነበረች። አረንጓዴዋ ያንን ቃል ይዛ እስኪነጋ ቆየች።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው አልነሣ አለ። ሰሌዳው ጥግ ላይ ያለችው፣ ከፋብሪካ የመጣችው ደቃቃ አረንጓዴ መብራት 7 ጊዜ ብልጭ ብላ ታርፋለች፤ እንደገና 7 ጊዜ። ይህ የታወቀ ቋንቋ ነው። 4 ጊዜ ከሆነ የመጀመሪያው ማስነሻ ፋይል ጠፍቷል ማለት ነው፤ 7 ከሆነ ከርነል የሚባለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው የሊኑክስ እምብርት፣ ካርዱ ላይ አልተገኘም፤ 8 ከሆነ ችግሩ የካርዱ ሳይሆን ሰሌዳው ላይ ያለው የሥራ ሜሞሪ (ራም) ነው። አጠገቧ ያለችው ቀይ የኃይል መብራትም በእኔ ሞዴል ላይ ዝም ብላ የምትበራ አይደለችም፤ የሚገባው ኃይል ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ ትጠፋለች። ስክሪን በሌለበት፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ ሊኑክስ ራሱ በሌለበት ሰዓት ሁለት ጤፍ የሚያካክሉ መብራቶች ትክክለኛውን ነገር እየነገሩኝ ነበር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ነገሩ ሁሉ ሲበላሽ መብራቷ ምን ትላለች ብሎ አስቦበታል። እኔ ያሰብሁት ነገሩ ሁሉ ሲሠራ ምን እንደምትል ብቻ ነው።

ግቢያችን አጠገብ የባቡር ጡረተኛ የሆኑ አንድ መካኒክ አሉ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሰዎች ዛሬም ስለ ማሽን ሲያወሩ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። የደረሰብኝን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የባቡር ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ?» አሉኝ። እኔ አየሩ ፍሬኑን የሚገፋው ይመስለኝ ነበር። «የለም፤ በመስመሩ ያለው አየር ፍሬኑን ከፍቶ ነው የሚይዘው። ቱቦው ቢፈነዳ፣ ፉርጎው ቢበጠስ፣ አየሩ ሲወጣ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። ባቡሩ ይቆማል እንጂ አይሸሽም» አሉኝ። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ዌስቲንግሀውስ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1872 ያወጣው ከዚያ በፊት የነበረው የራሱ የአየር ፍሬን የተገላቢጦሽ ስለሆነ ነው፤ በመጀመሪያው አየር ከሌለ ፍሬንም አልነበረም።

ከዚያ ንግግር በኋላ ስለ ባቡር ምልክቶች ማንበብ ጀመርሁና በእንግሊዝ አገር አቦትስ ሪፕተን በተባለ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1876 የደረሰውን አደጋ አገኘሁ። በዚያ ዘመን የምልክቱ ክንድ በመደበኛ ጊዜ «እለፍ» ላይ ይቆም ነበር፤ አደጋ ሲኖር ብቻ ወደ «ቁም» ይዞራል። በዚያች ሌሊት ከባድ በረዶ ወረደ። ሠራተኛው መዘውሩን ወደ «ቁም» ሳበ፤ ክንዱ ግን በበረዶ ተጣብቆ «እለፍ» እንዳለ ቀረ። ፈጣኑ ባቡር የድንጋይ ከሰል የጫነውን ባቡር ገጨ፤ ከወዲያ የመጣው ሌላ ፈጣን ባቡር ደግሞ ፍርስራሹን ገጨ። ከዚያ በኋላ የክንዱ መደበኛ ቦታ «ቁም» ሆነ፤ «እለፍ» የሚባለው መንገዱ ነጻ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በሙቀቷ በምትታወቅ ከተማ ውስጥ፣ ላብ እየጠረግሁ ይህን ሳነብ፣ የዚያ ሰው መዘውር የእኔ ፕሮግራም፣ የተጣበቀው ክንድ የእኔ አረንጓዴ መብራት ሆኖ ታየኝ።

ከተማችንን ለሁለት በሚከፍለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ በሆነው በደቻቱ ወንዝ ዳር ያደግን ሰዎች ይህን ከባቡር መማር አልነበረብንም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ዝናቡ የወረደው በዙሪያው ባሉት ተራሮች ላይ ነው። ደረቅ አሸዋ ደህና ነኝ አይልም፤ ዝም ብሎ ደረቅ ነው። ዝምታውን እንደ መልካም ዜና የቆጠርነው እኛ ነን።

ሁለተኛ ሙከራዬ መብራቷን ማርገብገብ ነበር። ቆማ የምትቀር መብራት አታለለችኝ፤ ስለዚህ ብልጭ ድርግም የምትል ትሁን አልሁ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጂፒአይኦ ዚሮ በሚባለው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) ይህ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ጻፍሁት፣ አረንጓዴዋ በሴኮንድ ልዩነት ትርገበገብ ጀመር፤ አምሮብኝ ነበር። ወደ አክስቴ ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ። ፕሮግራሙ መሐል ላይ መጨረሻ የሌለው ጥበቃ አስገባሁና ልክ በዚያች ሌሊት እንደሆነው እንዲቆም አደረግሁት። መለኪያውን ማንበብ አቆመ፤ መጻፍ አቆመ። መብራቷ መርገብገቧን ቀጠለች። ላይብረሪው መብራቷን የሚያርገበግበው ከዋናው ሥራ ተነጥሎ በሚሮጥ ሌላ ክር ነው፤ ዋናው ቢቆም እሱ አይሰማም። ይህች ከመጀመሪያዋ ትከፋለች፤ ሕይወት ያላት ትመስላለችና።

ሊኑክስ ራሱ መብራትን የልብ ትርታ በሚመስል ሁለት ሁለት ምት እንዲያስመታ ማዘዝ ይቻላል፤ ምቱ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት ይፈጥናል። እሱንም ሞከርሁት። እውነት ነው የሚናገረው፤ ግን የሚናገረው ከርነሉ በሕይወት ስለመኖሩ ነው። የእኔ ፕሮግራም ቢሞት ልቡ መምታቱን አያቆምም።

ሰውን ስንጠራ «አለህ ወይ?» እንላለን፤ መልሱም «አለሁ» ነው። «አለሁ» ማለት የሚችለው የተጠራው ሰው ብቻ ነው። ጎረቤቱ በአጥር ብቅ ብሎ «አለ» ቢለን ጠዋት ያየውን እየነገረን ሊሆን ይችላል፤ ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ምን እንደገጠመው አያውቅም። ሁለቱ የሞከርኋቸው መብራቶች «አለ» ባዮች ነበሩ። እኔ የምፈልገው «አለሁ» የምትለውን ነው፤ ማለትም ብልጭታዋ ከሥራው ጎን የሚሮጥ ሳይሆን ሥራው ሲፈጸም ራሱ የሚወልዳት እንድትሆን።

ስለዚህ ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ጻፍሁ። አሁን ዙሩ የሚጀምረው መብራቷን በማጥፋት ነው። በጨለማ ፕሮግራሙ ሙቀቱን ያነባል፤ ይህ እስከ 750 ሚሊሴኮንድ ሊወስድ ይችላል። ንባቡ የተሟላ መሆኑን ያረጋግጣል። ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ጽሑፉም በእርግጥ እንዳረፈ እስኪነገረው ይጠብቃል። ቁጥሩ ከ2 እስከ 8 ከሆነ አረንጓዴዋ ለሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብልጭ ትላለች፤ ጠፍታ ጥቂት ታርፋለች፤ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ሊቆም የሚችልባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ ንባቡም ጽሕፈቱም፣ መብራቷ በጠፋችበት ሰዓት ላይ ናቸው። ስለዚህ ከቆመ በጨለማ ይቆማል። ብልጭታውን አጭር ያደረግሁትም ለዚህ ነው፤ ግማሹን ጊዜ የምትበራ መብራት በርታ ልትቀር ትችላለች፣ በርታ የቀረችን አረንጓዴ ደግሞ እንቅልፍ የተጫነው ዓይን ደህና ነው ብሎ ያልፋታል። ቀይዋን ግን ቆማ እንድትበራ ተውኋት። ቀይ ተጣብቃ ብትቀር አክስቴ በከንቱ ትነሣለች እንጂ ሌላ ጉዳት አይደርስም። ፒኖቹንም የመረጥኋቸው ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ፣ ፕሮግራም ሳይደርስላቸው፣ ወደ ዜሮ ከሚጎተቱት መካከል ነው።

አንድ የቀረ ነገር ነበር። መለኪያው ዲኤስ18ቢ20 ይባላል። አንድ ቀን ቀይዋ በርታ አክስቴ ሮጣ ስትሄድ ፍሪጇ 4 ዲግሪ ላይ ናት። መዝገቡን ሳይ «85» ይላል። ይህ መለኪያ ኃይል እንዳገኘ፣ አንድም ጊዜ ሳይለካ ሲጠየቅ የሚመልሰው ቁጥር 85 ነው። «ገና አልለካሁም» ማለቱ ነበር፤ እኔ «ተቃጥላለች» ብዬ ተረጎምሁት። እስከዚያ ቀን ሁለት መልስ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር፣ ደህናና ደህና ያልሆነ። አላውቅም የሚለውን የማስገባበት ቦታ አልነበረኝም። አሁን 85 ሲመጣ ወይም ንባቡ ሲጎድል ሁለቱም መብራቶች ጠፍተው ይቆያሉ። ለአክስቴም አዲሱን ስምምነት ነገርኋት፤ «ብልጭ ስትል ካየሽ ተኚ። ሌላ ማንኛውንም ነገር ካየሽ፣ ቀይም ይሁን ጨለማ፣ የመስታወቱን ቴርሞሜትር እዪ»። እሷም «እሱንስ ሳትነግረኝም አየዋለሁ» አለች።

በቀን የበረንዳው ፀሐይ ብልጭታዋን ስለሚውጣት ከተቆረጠ የውኃ ቱቦ ጋሻ ሠራሁላት፤ አሁን ቀትር ላይም ትታያለች።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ጨልማለች» አለችኝ አክስቴ። ልብሴን ደርቤ ሄድሁ። በሩን ከፍታ፣ ቴርሞሜትሩን በእጇ ይዛ ጠበቀችኝ፤ 5 ዲግሪ። ፍሪጇ እያጓራች ትሠራለች። ፈልጌ ያገኘሁት ጽዳት ሲሠራ ተነቅሎ የቀረ የኮምፒውተሩን መሰኪያ ነው፤ ፓወር ባንኩ ከቀን ጀምሮ ሲመግበው ቆይቶ አልቋል። «በከንቱ ነው የቀሰቀስሁህ» አለች አክስቴ። «የለም» አልኳት። መሰኪያውን መለስሁና በረንዳው ላይ ወንበር ስበን ተቀመጥን። ኮምፒውተሩ እስኪነሣ አንድ ደቂቃ ያህል ወሰደ። ከዚያ አረንጓዴዋ ብልጭ አለች። አክስቴ ሁለተኛዋን ጠበቀች፤ ሦስተኛዋንም ጠበቀችና በሩን ልትዘጋ ተነሣች።